«አትንካው» ለሚሉን

«አትንካው! ታይሚንግ ነው እኮ!»

አምና መስከረም ላይ የመኪናዬን የቀኝ የፊት ጎማ አውልቄ ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ ሳለ፣ በበሩ ያለፈ ሁሉ ያለኝ ይህንኑ ነው። ጎረቤቴ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ በስልክ አለኝ። ጋዝ ሲሊንደር ያመጣልን ልጅ ሳይቀር ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ይቅርብዎ» አለኝ። ዘይት ብትቀይር፣ ካንዴላ ብትፈታ፣ የፍሬን ሸራ ብትለውጥ ማንም ምንም አይልህም። ታይሚንግ ቺንጋና የውሃ ፖምፓ ላይ ስትደርስ ግን በጓዳህ የልብ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ የተነሳህ ይመስል ሰው ሁሉ ይደነግጣል።

ይህ ድንጋጤ በእኛ ዘንድ እንደ ዕውቀት ይቆጠራል። ሹፌር ለሹፌር፣ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፤ «ታይሚንግ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ባለመኪና እጁን አያስገባበትም» ይባላል። ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ በቃል የሚቀር አይደለም፤ ገንዘብ ያስወጣል፣ መንገድ ላይ ያስቀራል፣ አንዳንዴም ሞተር ያስበላል።

የሚሉትን ግን እንደሚሉት ላስቀምጠው፤ ሐሳባቸውን አሳንሼ ብከራከር አይጠቅመኝም። ቺንጋው ተራ ጎማ አይደለም። የታችኛውን ክራንክሻፍት ከላይኛው ካምሻፍት ጋር አስተሳስሮ፣ ታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲዞር ያደርጋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዚህ ፍጥነት ላይ ቺንጋው ጥርስ ቢዘል፣ በብዙ ሞተሮች ውስጥ የተከፈተው ቫልቭ ወደ ላይ ከሚመጣው ፒስተን ጋር ይጋጫል። ቫልቩ ይታጠፋል፣ ፒስተኑ ይጎዳል፣ ቴስታታው ይወርዳል። ስለዚህም እንዲህ ይላሉ፦ ልምዱ የለህም፤ መሣሪያው የለህም፤ ጋራዥ ቢያበላሽ ይጠየቃል፣ አንተ ብታበላሽ ግን ማንን ትጠይቃለህ? ደግሞስ የመካኒኩን እንጀራ ለምን ትሻማለህ?

ይህን የሚሉ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። አንዳንዶቹ ሞተር የወረደባቸው ናቸው፤ ፍርሃታቸውን በገንዘባቸው ገዝተውታል። የሚጠቅሱት አደጋም እውነት ነው። እውነት ያልሆነው ከአደጋው ተነስተው የሚደርሱበት ፍርድ ነው።

ከጥርሱ እንጀምር፤ ትልቁ ማስፈራሪያ እሱ ነውና። ቺንጋ በአንድ ጥርስ ስቶ መገጠሙ የሚታወቀው መቼ ነው? ቁልፍ ተዙሮ ሞተሩ ሲጮህ ነው? አይደለም። ከዚያ በፊት፣ በእጅ ነው የሚታወቀው። በእኔ መኪና፣ በመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ራቭ ፎር ላይ፣ ሞተሩ 3ኤስ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ላይ አንዲት ጭረት አለች፤ ሽፋኑ ላይ ደግሞ የዜሮ ምልክት። ከላይ የካምሻፍቱ ፑሌጃ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከኋላዋ የምትገጥማት ምልክት አለች። ሌላውም ሞተር የራሱ ምልክት አለው፤ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ከነሥዕሉ ተቀምጧል። አሮጌውን ቺንጋ ከማውጣትህ በፊት ምልክቶቹን ታገጥማለህ። አዲሱን ካስገባህ በኋላ፣ ካንዴላዎቹን አውልቀህ፣ ክራንክሻፍቱን በቺያቤ በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር ታዞረዋለህ። ምልክቶቹ ተመልሰው ከተገናኙ ልክ ነህ። ካልተገናኙ ስተሃል፤ ፈትተህ ደግመህ ትገጥማለህ። እጅህን የሚይዝ ነገር ከተሰማህ ሳትታገል ታቆማለህ። በዚህ መንገድ የተገኘ ስህተት አንድ ሰዓት ያስከፍልህ ይሆናል እንጂ ሞተር አያስከፍልህም።

ታዲያ ይህ ከአቅም በላይ ነው? ሁለት ምልክት ማገናኘትና ሁለት ዙር ማዞር ነው። ማንበብ የሚችል፣ ምልክት ለይቶ የሚያይ፣ ካልገጠመለት እንደገና ለመሥራት የማይሰንፍ ሰው ይሠራዋል።

በዚህ ላይ የእኔው ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተኑ የሚጋጩበት ዓይነት አይደለም። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል እንጂ ቴስታታ አይወርድም። «አትንካው» ካሉኝ ሰዎች ይህን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ቪትዝ የሚነዳው ጎረቤቴ የራሱ መኪና ጭራሽ ታይሚንግ ቺንጋ እንደሌለው፣ በካቴና እንደሚሠራ እኔ ነኝ የነገርኩት። ሁሉን ሞተር በአንድ ቃል የሚያስፈራ ምክር መጀመሪያ የሚያስረሳን ዋናውን ጥያቄ ነው፦ የትኛው ሞተር?

ጥርስ የሚያስተው ታዲያ ምንድን ነው? እኔ በጋራዥ በር ላይ ቆሜ በቆጠርኳቸው ዓመታት ያየሁት ምክንያት አንድ ነው፤ ችኮላ። አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት ሦስት መኪና ከፍቶ ይይዛል። የመጀመሪያው ባለመኪና ይደውላል፣ ሁለተኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ዕቃ ፍለጋ ሄዷል። ክፍያው በተሠራው መኪና ቁጥር ስለሆነ ሁለት ዙር አዙሮ ማረጋገጥ ለእሱ ኪሳራ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ከማናችንም በላይ ይሠራል። ጊዜ ግን የለውም። በግቢዬ ውስጥ ያለኝ ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፣ ጊዜ ነው። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ብርቅ ችሎታ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄ ደግሞ መኪናው የራሱ ለሆነና ቤተሰቡን ለሚጭንበት ሰው ይቀርበዋል።

አሁን ወደ ፖምፓው ልምጣ፤ ምክንያቱም በጣም ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ መኪና ለታይሚንግ ቺንጋ አንድ ጋራዥ አስገባሁት። ቺንጋው ተፈታ፣ ፖምፓው ፊት ለፊቴ ተጋልጦ ተቀመጠ። «እሱንስ አብረን ብንቀይረውስ?» አልኩ። «አያፈስም እኮ! ለምን ገንዘብዎን ያባክናሉ?» ተባልኩ። አመስግኜ፣ በሐቀኝነታቸው ተደስቼ ወጣሁ። በ14ኛው ወር፣ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለውን አቀበት ስወጣ፣ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ተነሳ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት የሞተሩ ጎን በሙሉ ረጥቧል። የፖምፓው ኩሺኔታ ተበልቷል፤ የፈሰሰው ውሃ አዲሱን ቺንጋ አጥቦታል። መኪናው በጭነት ተመለሰ። ያው ሽፋን እንደገና ተፈታ፣ ያው ፑሌጃ እንደገና ወጣ፣ ያው የእጅ ዋጋ ሁለተኛ ተከፈለ፤ የራሰውም ቺንጋ ዕድሜው ሳይደርስ ተጣለ።

«እስካላፈሰሰ አትቀይረው» የሚለው ምክር ቁጠባ ይመስላል። እስኪ አስቡት። በዚህ ሞተር ላይ ፖምፓውን የሚያዞረው ራሱ ታይሚንግ ቺንጋው ነው። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፤ ፖምፓውም ያንኑ ያህል መንገድ አብሮት ዞሯል። ወደ እሱ ለመድረስ የሚፈታው ነገር ለቺንጋው ከሚፈታው ጋር አንድ ነው። ከጠቅላላው ሥራ አብዛኛው መንገዱን መክፈት ነው፤ ፖምፓውን ማውጣት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ብሎኖች ናቸው። እነዚያን ብሎኖች ላለመፍታት ብሎ፣ ሁሉንም ነገር በዓመቱ ድጋሚ መፍታት ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ፖምፓው ቢያፈስ ቺንጋውን ያበላሻል። ኩሺኔታው ቢይዝ ቺንጋውን ያዘልላል ወይም ይበጥሳል። ሁለቱ በአንድ ዕድሜ የታሰሩ ናቸው። መወጠሪያው ኩሺኔታም እንዲሁ፤ የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ ፓራኦሊም እንዲሁ። ዘይት የነካው ቺንጋ ቶሎ ይሞታል።

ፖምፓ በእኛ አገር ቶሎ የሚያልቅበት የራሱ ምክንያትም አለው። «አንቲፍሪዝ ለብርድ አገር ነው፣ እኛ በረዶ የለንም» ብለን ራዲያተሩን ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ እንሞላለን። ፈሳሹ ግን ከመርጋት ብቻ አይደለም የሚከላከለው፤ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ውሃው የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ደለል እየተወ የፖምፓውን ማሸጊያ ይበላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር በተለመደ ሥራው ላይ ከዚህ ሙቀት ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊት ነው። ፖምፓው ማፍሰስ ሲጀምር ግፊቱ ይወርዳል፤ የእንጦጦን አቀበት የሚወጣ መኪና ደጋማ አገር ላይ ስለሆነ ብቻ በባሕር ዳርቻ ካለው ወንድሙ ቀድሞ ይፈላል። ታዲያ ፖምፓ እስኪያፈስ መጠበቅ ከማንም ይልቅ የማያዋጣው ለእኛ አይደለም?

መሣሪያውን በተመለከተ የሚነገረው የተጋነነ ነው። ደህና ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከም የብረት መደገፊያ፣ የቺያቤና የቡሶላ ስብስብ፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች። የኋለኛው ከዘመድ ወይም ከመካኒክ በውሰት ይገኛል። እውነተኛው ችግር አንድ ነው፤ የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ብሎን። ዓመታት የጋገሩት ብሎን ስለሆነ ረጅም እጀታና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ግማሽ ቀን ታግዬዋለሁ። በእኔ መኪና የቀኙ የሞተር መያዣም ስለሚፈታ፣ ሞተሩን ከታች በጣውላና በክሪክ መደገፍ ያስፈልጋል። የፖምፓው ትንንሽ ብሎኖች ወደ አሉሚኒየም የሚገቡ ስለሆኑ በጉልበት የሚጠብቃቸው ሰው ጥርሳቸውን ይጨርሳል። ይህ ሁሉ መጻፉ፣ መነበቡ፣ መደረጉ የሚቻል ነው። የምሥጢር ሥራ አይደለም።

«ጋራዥ ቢያበላሽ ይጠየቃል» ለሚሉኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ቺንጋ ሲቀየርላችሁ የተቀየረበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥርና የተገጠመው ዕቃ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተቀብላችኋል? እኔ አልተቀበልኩም። ፖምፓዬ አባይ ላይ ሲያፈስ ማንም አልተጠየቀም፤ «ዕቃው ነው እንጂ እኛ አይደለንም» ተባለ፣ በዚያው አበቃ። በወረቀት ያልታሰረ ዋስትና ሰውን ከማዘናጋት ሌላ ጥቅም የለውም። በራሴ እጅ የገጠምኩትን ግን ማን እንደገጠመው፣ መቼ እንደገጠመው፣ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ አውቃለሁ። ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ለመለየት ሶማሌ ተራ ከሱቅ ሱቅ የዞርኩት እኔ ነኝ። በኮፈኑ ሥር በወረቀት ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፤ ነገ መኪናው ቢሸጥ ገዢው ያነበዋል።

የእንጀራው ክርክር ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካ ነው፤ እኔንም ነክቶኛል። ነገር ግን እኔ ብቻዬን አልሠራሁትም። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ሥራው የፈጀውን ሁለቱንም ቀን ከአጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዩኝ፤ የቀን ዋጋቸውን ከፈልኳቸው። ስሳሳት እጄን ያዙኝ፣ ሲገባኝ ዝም አሉ። «ቀስ በል ልጄ፣ ብሎኑ አይሮጥብህም» እያሉ ነው የዋሉት። ሥራውን የቀመሰ ሰው የእጅ ዋጋ ላይ አይከራከርም፤ ምን እንደሚያስለፋ ያውቃል። የመካኒኩን ዋጋ የሚያረክሰው ሥራውን የማያውቀው ነው፤ «ለአንድ ቺንጋ ይህን ያህል?» የሚለው እሱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ሥር ደግሞ አፍ አውጥቶ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ወንድሜ በስልክ መጀመሪያ ያለኝ «ሞተሩ ይበላሻል» አልነበረም። «የተማርክ ሰው ሆነህ ግሪስ ተቀብተህ…» ነበር ያለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም። በዚህ አገር ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ልብሱን ቀይሮ ከእኛ ጋር አለ። ዛሬ «ባለሙያ ይሥራው» በሚል ጨዋ ቃል ውስጥ አንዳንዴ የሚናገረው እሱ ነው። እጁ እንዳይቆሽሽ የሚፈልግ ሰው ይህን በግልጽ ይናገር፤ በቫልቭና በፒስተን አያሳብብ።

ሙያውስ ከየት መጣ? ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ ፑሌጃ፣ ኩሺኔታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፤ የጋራዡ ቃል አብዛኛው ጣልያንኛ ነው። ከጣልያኖቹ አጠገብ ቆመው መሣሪያ እያቀበሉ፣ በዓይናቸው እያዩ፣ ማታ በቃላቸው እየደገሙ የተማሩ ሰዎች ናቸው ሙያውን ለእኛ ያወረሱት። መጽሐፉ በእጃቸው አልነበረም፤ ከፊታቸውም «ይቅርብህ፣ አትችለውም» የሚል ባዕድ ቆሞ ነበር። ቻሉት። የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ሆነን፣ መመሪያው በስልካችን ላይ እያለ፣ «አትንካው» ስንባል እጃችንን የምንሰበስበው ለምንድን ነው?

የማልከራከርበትም ነገር አለ። መርፌ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ የላንድ ክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ የመጀመሪያ ልምምድ የሚደረግበት አይደለም፤ እዚያ የሳተ ሰው በእርግጥ ቫልቭ ያጥፋል። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ወይም በድንጋይ ደግፎ ሥሩ የሚገባ ሰው ቢቀርበት ይሻለዋል፤ ሞተር ይተካል፣ እሱ አይተካም። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። የተቀዳው አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሰዋልና በሳህን ተትቶ አይታደርም። ብቻውንም አይጀመር፤ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ይኑር። እነዚህ ሁኔታዎች ናቸው፤ ክልከላ ግን አይደሉም። «እንዲህ አድርገህ ሥራው» ማለትና «አትንካው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ነገሩ ከአንድ ሰው ግቢም ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። ዛሬ መንገድ ላይ ያለችው አሮጌ ራቭ ፎር ወይም ኮሮላ ምትኳ በቀላሉ አይመጣም። ያለችው ናት። የዚህች መኪና ዕድሜ በባለቤቷ ዕውቀት ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል፤ ቺንጋው ሲበጠስ ብቻ ጋራዥ በሚያስታውስ ባለቤት እጅ ደግሞ ብዙ አትቆይም።

ሁለተኛው ቀን ማታ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ በእጄ ሁለት ዙር አዞርኩት። ጭረቷ ዜሮ ላይ ተቀመጠች፤ ከላይ ቀዳዳዋ ምልክቷን አገኘች። አዛውንቱ ከበርጩማቸው ተነስተው በባትሪ አዩትና «አስነሳው» አሉኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ይህ ሥራ በገዛ ግቢ፣ በባለመኪናው እጅ ይሠራል፤ ቺንጋና ፖምፓም አብረው ይቀየራሉ። የፊታችን ቅዳሜ ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተራችሁ በቺንጋ ይሁን በካቴና እንደሚሠራ እወቁ። በቺንጋ ከሆነ፣ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ፤ ከሌላችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ዕቃውን መግዛት ጀምሩ።